የተበሳው የጥድ መዝጊያ

ኩዋባራ ቴይዞ ተከራዮቹን ሚስማር እንኳ አስፈቅዳችሁ ምቱ የሚል ሰው ነው። እንግዲህ አባቱ በእጁ የሠራው የመስኮት መዝጊያ፣ ያ የጥድ መዝጊያ፣ ተበስቶ ሲያይ እንዴት ደሙ እንደፈላ አስቡት። ቀዳዳዋ ሽንብራ ብታክል ነው። ቢሆንስ! የልቀቁልኝ ደብዳቤውን ጽፎ፣ አጥር ለአጥር ወደሚጎራበተው ተከራዩ ገባ።

ተከራዩ ናጋሴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከፍራሹ አይነሳም፤ ከዚህ ቢወጣ መግቢያ የለውም። ቴይዞ ይህን ያውቃል፤ እያወቀ ነው ልቡን ያጠነከረው።

«በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ይተኛሉ?» አለ ጫማውን እያወለቀ። መዝጊያውን በውስጥ በኩል ሲዳብሰው ደግሞ ጭራሽ በዱላ ተደብድቦ ጎድጉዷል። «ኧረ በሕግ! ይኼ እንጨት ምን በደለዎት?»

«በሩን ይዝጉና ቁጭ ብለው ይስደቡኝ» አለ ናጋሴ። «እንደሁ የትም አልሮጥ።»

ቴይዞ እያጉረመረመ ዘጋው። ከዚያ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

በቀዳዳዋ የገባው ብርሃን የውጪውን መንገድ እንዳለ ነጩ ግድግዳ ላይ ዘቅዝቆ ዘርግቶታል። ሰማዩ ከታች፣ ጣራዎቹ ከበላዩ፤ ብስክሌቶች ጎማቸውን ወደ ኮርኒሱ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ ይንሸራተታሉ። የተሰጣ አንሶላ ወደ ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ሰባ ዓመት የኖረበት መንገድ ነው፤ እንዲህ አምሮበት ግን አይቶት አያውቅም። ደብዳቤውን በእጁ መያዙንም ረሳው።

«አስር ሰዓት ሆነ» አለ ናጋሴ። «አሁን ደህና አድርገው ይዩ።»

ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ልትገዛ የወጣችው የቴይዞ ሚስት ፉሳኤ፣ ዘንቢሏን ይዛ በግድግዳው ላይ መጣች። ቴይዞ ፈገግ አለ። እሷ ግን የገዛ በሯን አልፋ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና አለፈች። መሀል መንገድ ላይ ቆማ በሮቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር፣ አገሩ እንደጠፋበት ሰው።

«ምን ሆና ነው?» አለ ቴይዞ።

ናጋሴ ከራስጌው ምርኩዙን አንስቶ መዝጊያውን ሦስት ጊዜ መታው። ፉሳኤ ድምፁን ሰምታ ፊቷን መለሰች፤ ወደ መዝጊያው እጅ ነሳችና ቀጥሎ ወዳለው በር፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ከበጋው ጀምሮ እንዲህ ናት። ‹ከሚያንኳኩት መዝጊያ ቀጥሎ ያለው የኔ በር ነው› ትላለች፣ እሱን አትረሳም። ለባሌ እንዳይነግሩብኝ ብላ ለምናኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ቴይዞ አብሯት እየበላ፣ አብሯት እየተኛ፣ ምን ሲያይ ነበር? ደብዳቤውን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና በባዶ እግሩ ወጣ።

በራቸው ላይ ደረሰባት። ፉሳኤ ደነገጠች።

«ቶፉ ቤት ሰልፍ ነበር» አለች ቶሎ ብላ።

«አዎ፣ ዛሬ ሰው ይበዛል» አለ ቴይዞ፤ ዘንቢሉንም ተቀበላት።

እሷ ባዶ እግሩንና ከኪሱ ብቅ ያለውን ደብዳቤ አየች፤ ከየት እንደወጣም ገባት። «ናጋሴን ልታስወጣው ነው እንዴ?» አለች።

«ማን አለሽ? የትም አይሄድም።»

ፉሳኤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ይህን ትንፋሽ ከበጋ ጀምሮ ብቻዋን ይዛው እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። እጇን ያዛት፤ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አያውቁም ነበር።