ኮምፒዩተሩ ያወጣው ዕጣ

ልጄ ኤፍራታ በነርስነት ተመርቃ ምድብ ስትጠብቅ፣ እኔ ዱስ እንደሚደርሳት አስቀድሜ አውቄ ተቀምጫለሁ። ዱስ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። የኦሞ ዳር ሙቀት ወባ ያበዛል፤ ልጄን ደግሞ ወባ እዚህ ጂንካም ሆና አይምራትም። ቢቻል እዚሁ፣ ካልሆነም ደጋው ገዘር ይድረሳት ብዬ ስጸልይ ሰነበትኩ።

ድሮ ዕጣው የሚወጣው በባርኔጣ ውስጥ በተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ዘንድሮ የጤና መምሪያው ኃላፊ አቶ ጎሳዬ አሥራ ሁለቱን ተመራቂዎችና ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው፣ "ከእንግዲህ የሰው እጅ አይገባበትም። ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም!" አሉን። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ የማታጨበጭብ እናት ልጇ የት እንደምትመደብ አላጣሁትም።

እዮብ የሚባለው የኮምፒዩተር ሠራተኛ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ግድግዳው ላይ ስም ከነቦታው ተደረደረ። የአቶ ጎሳዬ የሚስት እህት ሄለን፣ ጂንካ። የዱሱ ተወላጅ ሻንቆ፣ ገዘር። ኤፍራታ፣ ዱስ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። በዕድሜዬ መብራት ጠፍቶ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲመጣ እዮብ ኮምፒዩተሩን አስነስቶ እንደገና ተጫነ። ሄለን ጂንካ፣ ሻንቆ ገዘር፣ ኤፍራታ ዱስ። የሌሎቹም ምድብ ንቅንቅ አላለም።

"አያችሁ?" አሉ አቶ ጎሳዬ። "እግዚአብሔር ሲያጸና እንዲህ ነው!"

"አሜን" ያለም አልጠፋም።

ሻንቆ ተነሳ። "ጋሼ፣ ዱስ ቤቴ ነው፤ ቋንቋውንም አውቃለሁ። ከኤፍራታ ጋር እንቀያየር።"

"ክልክል ነው! ዕጣን መቃወም ይሆናል።"

"አርፈህ ተቀመጥ፣ እናትህ ቤት መግባት አድልዎ ነው" አለው አጠገቡ ያለው ልጅ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ልጄ እዮብ፣ ዕጣ ሁለቴ ወጥቶ እንዴት አንድ ይሆናል?"

"እትዬ ጥሩዬ፣ ፕሮግራሙ የሚነሳበት ቁጥር አለ። ከዚያው ቁጥር ከተነሳ ሁልጊዜ ያንኑ ድልድል ያወጣል። ቁጥሩ ሲለወጥ ነው ዕጣውም የሚለወጠው።"

"ቁጥሩን ማን መረጠው?"

እዮብ አቶ ጎሳዬን አየና አንገቱን ደፋ። "ትናንት ብዙ ቁጥር ሞክረን ነበር... ጋሼ 'ይቺ ጥሩ ናት፣ በዚችው ይሁን' አሉኝ።"

"ለሙከራ ነው ያልኩት!" አሉ አቶ ጎሳዬ።

"እማዬ፣ ተይ" አለች ኤፍራታ ቀሚሴን እየጎተተች።

አልተውኩም። "እንግዲያው ቁጥሩን ከመካከላችን አንድ ሰው ይስጥ።"

"ይስጥ!" አለ አዳራሹ። ዘመድ የለውም ያሉትን ኮምፒዩተር በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ለአቶ ጎሳዬ አልሆነላቸውም። በሩ አጠገብ የቆሙ አንድ አዛውንት ያሰኛቸውን ቁጥር ጠሩ፤ እዮብ አስገብቶ ተጫነ።

ሄለን ዱስ። ሻንቆ ጂንካ። ኤፍራታ ገዘር።

አቶ ጎሳዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... ሰብአዊነትም አለ። ተስማምተው ለሚቀያየሩ መመሪያው አይከለክልም።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ሻንቆ።

"ከአሁን ጀምሮ። አንተ ዱስ ቤትህ አይደል እንዴ?"

"ነው፤ ግን ጋሼ፣ እግዚአብሔር ጂንካ ካለኝ..."

"ሻንቆዬ፣ እባክህ" አሉ ኃላፊው። ይህን ለመስማት ብቻ ነበር የተግደረደረው። እየሳቀ ፈረመ። ሄለን ጂንካ ቀረች፤ አጨበጨብን።

ሰኞ ኤፍራታን የገዘር ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። ጎማውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ጸሎቴን እንደገና ጀመርኩ።