ግራ ትከሻ

ዮሄይ ለአናጢነት ሥራው ሲወጣ ክፉ እንዳይነካው፣ ሚስቱ ኦኪኑ ከኋላው ቆማ ባልጩት በብረት እየመታች የእሳት ፍንጣሪ ትረጭበታለች። ብረቱን በቀኝ እጇ ስለምትመታ ፍንጣሪው ምንጊዜም ቀኝ ትከሻው ላይ ነው የሚያርፈው። ዛሬ ልብሱን ልታጥብ ስትዘረጋው ግን ግራ ትከሻው ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቃጠሎዎች አየች።

“ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?”

የምድጃዋን እሳት ሆን ብላ አጠፋችና እሳት መያዣ ያረረ ጥጥ ይዛ ጎረቤቷ ታኪ ዘንድ ሄደች።

“እሳት ጠፍቶብኝ ነው፤ እስቲ ለኩሺልኝ።”

“ምነው እቴ፣ ባልጩትሽም እንዳንቺ ዶለዶመ?” ታኪ ከት ብላ ሳቀች። የራሷን ባልጩት አውጥታ ብረቱን በግራ እጇ ይዛ መታች። ጥጡ ወዲያው ፍም ያዘ።

ኦኪኑ ፍሙን በጣቷ ደፈጠጠችው።

“ባልጩቴስ ደህና ነው። የጠፋብኝ የግራ እጁ ባለቤት ነበር።”