የአክስቴ መንደር ለምን ቀላ

በከተማው ጤና ቢሮ ሥራዬ ሞትን ማቅለም ነው። በየመንደሩ፣ በየበሽታው ስንት ሰው እንደሞተ አሰላና ካርታ ላይ እቀባለሁ፤ ከሚጠበቀው በላይ የሞተበት ቀይ፣ ያነሰበት ነጭ። ጥቂት ሰው የሚኖርበት መንደር በአንድ ሞት ብቻ ስለሚቀላ፣ ቀመሩ ከጎረቤት መንደሮች ትንሽ ቁጥር ያበድረዋል፤ እሱም በተራው ለእነሱ ያበድራል። ለእናቴ ይህን ሳስረዳት፣ ጨው መበዳደር ነዋ ብላ ገላገለችኝ።

የኩላሊት በሽታውን ካርታ ስንጨርስ አንዲት መንደር ፍም መሰለች። አባቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው የአክስቴ፣ የአባቴ እህት መንደር ናት። ግራና ቀኟ ያሉትም በብድር ቀልተዋል። አለቃዬ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ጥፋተኛው አክስቴ ግቢ ያለው ጉድጓድ ነው፣ መንደሩ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነውና ሰኞ ይታሸግ አለ። መጀመሪያ ውሃው ይመርመር ብል ማን ሰምቶኝ።

ወሬው ቀድሞኝ ሰፈር ደርሷል። ማዶ፣ ጎረቤት መንደር ያለው ልብስ ሰፊ በአንቺ ጦስ እኛም ቀላን ብሎ አክስቴን አኩርፏታል። እሷ ደግሞ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ነይ እስቲ የኔ ምሁር፤ ገዳይ ናት ብለሽ አሳጣሽኝ አሉ።"

ካርታው ስለ ቦታ እንጂ ስለ ሰው እንደማይናገር ላስረዳት ስጀምር፣ ከጉድጓዱ የቀዳችውን ውሃ በትልቅ ብርጭቆ ሰጥታኝ እጇን አጣምራ ቆመች። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት።

ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ስንገባ፣ አባቴ ያረፈበት አልጋ ላይ ኩላሊቱን ታሞ ከገጠር የመጣ ዘመዳችን ፊቱ አብጦ ተጋድሟል። አክስቴ ያቋረጠችውን ትምህርት ቀጠለች። ነገ ሆስፒታል አድራሻህን ሲጠይቁህ የዚህን ቤት ቁጥር ንገራቸው፣ የገጠሩን ካልክ ወደዚያው ይመልሱሃል አለችው። እሱም እንደ ተማሪ ደገመላት።

መንደሯ ለምን እንደቀላች ገባኝ። ከእሱ በፊት ስንቱን እንዲህ እንዳስጠናች ጠየቅኳት።

"እኔ አስታመምኩ እንጂ መቼ ቆጠርኩ?"

ቢሮ ተመልሼ፣ ለዘመድ አዝማድ እየደወልኩ፣ በእሷ ቤት ቁጥር የተመዘገቡትን ሟቾች ወደየመጡበት መለስኩ። መንደሯ እየነጣች ሄደች፤ ማዶም እንዲሁ። አለቃዬ ፊቱን አጠቆረ፣ ጉድጓዱ ግን ተረፈ።

የቀረኝ አባቴ ብቻ ነበር። እሱ የገጠር ቤቱን ሸጦ፣ ከእንግዲህ ቤቴ እህቴ ቤት ነው ብሎ የመጣ ሰው ነው። ወዴት ልመልሰው? እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደወልኩላት።

"እሱን ተይልኝ" አለችኝ። "ለወንድሜ ብቀላ ምን አለበት?"

ተውኩላት። መንደሯ ስስ ሮዝ ሆና ቀረች። ቀመሩም እንደ ልማዱ ከሮዙ ትንሽ ቆንጥሮ ለልብስ ሰፊው አበደረው። አባቴ በሕይወት እያለም ቢሆን፣ እዚያው ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀምጦ ሲከራከር ነበር የሚውለው።