የጨው ጌታ ምን ይፈልጋል?

ለጨዋታ የሚሆን ክፉ ሰው መሥራት የሚችል ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ጥቁር ካባ አልብሶ፣ ድምፁን አጎርንኖ «ሃ ሃ ሃ» ካሰኘው የጨረሰ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል። ክፉ ሰው የራሱ አመልና የራሱ አነጋገር ሊኖረው ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር። አመልና አነጋገር ከማንም መንጠቅ ይቻላል። ፍላጎቱን ግን የሚሠራው ሰው ከራሱ ማውጣት አለበት፤ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ልንገር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና አላቸው፤ ስሙ፣ ጉልበቱና የያዘው መሣሪያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የተረፈው ዓለም በሙሉ የእኔ ነው፤ ዝናቡም፣ መቃብሩም፣ ከመቃብሩ የሚወጣውም። እኔ እተርካለሁ፤ እነሱ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ጠረጴዛው ላይ የሚወረወር፣ ሃያ ፊት ያለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። ማስታወሻዬን በካርቶን ስለምከልለው ማንም አያየውም። ሰባት ዓመት ሙሉ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ የገደልኩት ጀግና ስፍር ቁጥር የለውም።

ተጫዋቾቼን ላስተዋውቅ፤ የሚያስተዋውቅ ነገር ካላቸው። አንደኛው ጎረቤታችን የስፖርት መምህር ነው። «ዳኛው» እንለዋለን። የጨዋታውን ደንብ መጽሐፍ በቃሉ ይዞታል፤ ከዚያ ሌላ በሕይወቱ የያዘው ነገር መኖሩን እንጃ። ጭራቅ በር ገንጥሎ ሲገባ ሌላው ይደነግጣል፣ እሱ የበሩን ውፍረት ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ታናሽ እኅቴ ናት። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትቀዳለች፤ ጨዋታው ላይ ፈዋሽ ናት። እናታችን ቀድማ አባታችን ተከትሎ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም። ያላት ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሦስተኛው ተጫዋች ነው።

ሦስተኛው ፍሪጅ ሠሪ ነው። የሆስፒታሉ የደም ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሊጠግን መጣ፤ ማቀዝቀዣውን ጠግኖ የእኅቴን ልብ ይዞ ወጣ። ሲስቅ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ እጁ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጋል። ንግግሩን ሁሉ «ችግር የለም» ብሎ ይጨርሳል። ዝናብ መጣ ስትለው ችግር የለም። ጀግናህ ሞተ ስትለውም ችግር የለም። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስሰርዝ እውላለሁ። ይህን ሰው ግን ከየት ጀምሬ እንደምሰርዘው ግራ ገባኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ እሑድ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ገና ሳንጀምር ወሬውን አመጣው።

«ጋሼ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። እሷም እዚያ ሆስፒታል ዝውውር ታገኛለች። እዚህ ተጋብተን እንሄዳለን። ችግር የለም።»

እኅቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ዳይሷን ታገላብጣለች። እንዳትሄድ መለመን እችል ነበር፤ ያለ እሷ ያ ቤት ምን እንደሚሆን አስቤዋለሁ። ግን እኔ ሰው አልለምንም። ስለዚህ የጨው ጌታን ሠራሁ።

የጨው ጌታ ረግረግ መሃል ትልቅ ቤት ያለው መልከ መልካም ባለጸጋ ነው። እንግዳ ይወዳል። ገበታው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ግን ከእግር ጣቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጨው ይሆናል፤ ሳያመው፣ ሳይታወቀው፣ እየሳቀ። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ሁሉም እንደተቀመጡ ናቸው፤ አያረጁም፣ አይሸቱም። አመሉን ከፍሪጅ ሠሪው ወሰድኩ። አነጋገሩንም ወሰድኩ፤ እንግዳው «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ሲለው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ «ችግር የለም» ይለዋል። ሰውን እንደ ዓሣ ሳይበላሽ ማስቀመጥ፣ ይኸው አይደል ሥራው?

ዕቅዴ ቀላል ነበር። እኅቴ በየሳምንቱ ይህን ፍጡር እያየች፣ አንድ ቀን ቀና ብላ አጠገቧ የተቀመጠውን ታየዋለች። ትስቅበታለች። ከሳቀችበት ትንቀዋለች፤ የናቀችውን ሰው ደግሞ ተከትላ ከተማ አትቀይርም።

በመጀመሪያው እሑድ መዳፌን ስጠርግ ዳኛው ሳቀ፣ እኅቴም ፈገግ አለች። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ፍሪጅ ሠሪው ነበር፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ። መስታወት ፊቱ ደቅኜለት የጎረቤቱን መልክ ያየ መሰለው ብዬ ይበልጥ ናቅሁት። «ይሄ ሰውዬ ደስ ይላል፣ አትግደሉብኝ» እያለ ሌሎቹን ይለምናል። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፤ የእሱ ሳቅ አልቀነሰም። የእኅቴ ፈገግታ ግን ቀነሰ። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ከእኔ ጋር ማውራት ተወች፤ ብርጭቆዋን አጥባ ትወጣለች። ይኸው ገባት፣ ሊያስጠላት ጀምሯል ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ያን ሰሞን ማተሚያ ቤት ስሕተት እንኳ አለፈኝ፤ በሥራ ዘመኔ ሆኖ አያውቅም።

በስምንተኛው እሑድ ጀግኖቹ ትልቁ አዳራሽ ደረሱ። ረጅም ገበታ፣ በዙሪያው አርባ የጨው እንግዶች፣ በገበታው ራስ ላይ ጌታው። ዳኛው መዶሻ ጨው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማስላት ጀመረ። እኅቴ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ቆይ፤ መጀመሪያ ላናግረው» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ጌታዬ፣ እነዚህን ሰዎች ለምንድን ነው የማይለቋቸው?»

መዳፌን ጠረግሁ። «ማን ያዛቸው? በሩ ያውና። ችግር የለም።»

ዳኛውና ፍሪጅ ሠሪው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«የምርዎን ይንገሩኝ። ምን ይፈልጋሉ?»

ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከክፉዎቼ አንዱን እንኳ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም መግደል ብቻ ነው የሚያውቀው። መልሱን ጽፌዋለሁ፤ ግን ማስታወሻዬን ማየት አላስፈለገኝም።

«ውጭ ማን አለሽ?» አልኳት። «ውጭ ያለው ሰው ተጠቅሞብሽ ይጥልሻል። እኔ ሁሉን ትቼ እዚህ የተቀመጥኩት ለማን ብዬ ይመስልሻል? ከእኔ ጋር እስካለሽ ምንም አትሆኚም። ወጥተሽ ስትሰበሪ ግን ተመልሰሽ እንዳትመጪ።»

መዳፌን መጥረግ ረሳሁ። ችግር የለም ማለትንም ረሳሁ።

«ይሄን ቃል በቃል ብለኸኛል» አለች እኅቴ። «አባባ የሞተ ሰሞን፣ ውጭ አገር የመማር ዕድል ሲመጣልኝ። ደብዳቤውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬልህ ነበር።»

«ጨዋታ ነው እኮ» አልኩ።

ፍሪጅ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ የጨው ጌታ እኔ መሆኔን ገና የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት። ሱሪው፣ ‹ችግር የለም›ው... በጣም ነው ያሳቀኝ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም አወራሁላቸው። አሁን ያልከው ግን የእኔ አይደለም።»

ንግግሩ ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ በራሱ ላይ ሲስቅ ከርሟል። እኔ በራሴ አንድ ቀን ስቄ አላውቅም።

«እና እንዋጋለን አንዋጋም?» አለ ዳኛው፤ እሱ ምን ገዶት።

«እኔ አልዋጋም» አለች። «በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።» ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። «በሩ ተቆልፏል?»

ማስታወሻዬ ላይ ስለ በር የተጻፈ ነገር የለም። ክፍት ነው ብል ክፍት ይሆን ነበር።

«ተቆልፏል» አልኩ። «ሃያ ማምጣት አለብሽ።»

«ቅድም በሩ ያውና ብሎ አልነበር?» አለ ዳኛው።

«ዋሽቶ ነው።»

«ደግሞስ ለእንጨት በር ሃያ? መጽሐፉ ላይ ቢበዛ አሥራ አምስት ነው።»

«ሃያ አልኩ።»

ወረወረች። ዳይሱ ተንከባልሎ ካርቶኑን ገጨና ቆመ። ሰባት ነው።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ለቅጽበት ያህል ነው፣ ግን ከልቤ ደስ አለኝ፤ ደስታው ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። እኅቴ ዳይሱን አልነበረም የምታየው። እኔን ነበር።

«አየህ፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ድምፁን ግን አወቅሁት፤ ስለ ዳኛው ሳወራ፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ አለቃ ሳወራ፣ ስለ ሰው ሁሉ ሳወራ የማወጣው ድምፅ ነው። በእኔ ላይ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያምማል።

«ሠርጉን እዚያው እናደርገዋለን። ሐሙስ እንሄዳለን» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። ፍሪጅ ሠሪው ተከተላት፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ የፍሪጅህ ላስቲክ ላልቷል፤ ቅዝቃዜ ያስወጣል። ረቡዕ መጥቼ እቀይርልሃለሁ።»

ረቡዕ መጥቶ ቀየረው።

ዳኛው ዳይሶቹን እየሰበሰበ ነበር። «ታዲያ ፈዋሿ እዚያው ቤት ቀረች ማለት ነው?» አለኝ።

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ሰባት ነዋ ያመጣችው። ትቀራለች።»

«እንግዲያው ትቀራለች» አልኩ።

እኅቴ ሐሙስ ጠዋት ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ዳኛው መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አልከፈትኩለትም። ጠረጴዛው ላይ የፈዋሿን ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከስሟ ሥር «እስከ ጉልበቷ ጨው ሆናለች» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ «እስከ ወገቧ» አልኩ። ጮክ ብዬ ልተርከው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ለማን እንደምተርከው ጠፋኝ።