የገለልተኝነት ፍየሎች

ክልሉ ገና ስሙ ያልጸናለት አራስ ሆኖ «ክልል ስድስት» ይባል በነበረበት ዘመን፣ አሶሳ ውስጥ ከደባልቄ መኪና የበለጠ ዝነኛ ፍጡር አልነበረም። ሹማምንት በየወሩ ይለዋወጣሉ፤ እሷ ግን አለች። ነጭ ቶዮታ ናት፣ በሽተኛ ማመላለሻ። የረድኤት ማኅበሩ ሲያመጣት በሁለቱም በሮቿ ላይ ቀይ መስቀል ነበረባት፤ ቀይነቱም የኩርሙክ ግመል ከሩቅ አይቶ መንገድ የሚለቅለት ዓይነት። ሾፌሩ ደባልቄ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚያው የሸበተ ሰው ነው። መንጌ ላይ ጥሩምባዬን ስነፋ ሱዳን ውስጥ የተኛ ይባንናል ብሎ ይምላል፤ ጥሩምባውን የሰማ ሰው መሐላውን አይጠራጠርም።

አዲሱ ዘመን አዲስ ኮሚቴ ወለደ። ኮሚቴውም ሌላ ሥራ ያለቀ ይመስል የመኪናዋን በር ያዘ። ጸሐፊው አቶ ዓብዱልባሲጥ «የአገሩ ሰው እስላም ነው፤ መስቀል ባለበት ማን ይሳፈራል?» አሉ። መስቀሉ ተፋቀና ጨረቃ ተሳለ። ሰብሳቢው አቶ ክንፈ «እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» ብለው ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ቀጥሎ አንዱ በር ለመስቀል፣ አንዱ ለጨረቃ ተሰጠ። ቀኙ የማን ይሁን ሲባል የተነሣው ጭቅጭቅ ደግሞ ተራራ ያፈርስ ነበር፤ በዚያ ስብሰባ የተጠጣው ለስላሳ ቢጠራቀም ዳቡስ ወንዝን ከዳር ዳር ያጥለቀልቃል። በመጨረሻ «ገለልተኛ ትሁን» ተባለና ሁሉም ተፋቀ። በሽተኛውስ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አንድ አፍ አልተገኘም።

መኪናዋ ገለልተኛ በሆነች በሳምንቷ የሹም መኪና ሆና አረፈችው። ምልክቱ ሳለ ሊነኳት ያፍሩ የነበሩ ሰዎች ሙሽራ ጫኑባት፣ ሲሚንቶ ጫኑባት፣ የቤት ዕቃ አጓጓዙባት። ደባልቄ ሳይወድ ነዳ። ልጆች አሉት።

አንድ ቀን አቶ ክንፈንና አቶ ዓብዱልባሲጥን ይዞ ከመንጌ ወደ አሶሳ ይመለሳል። በማግስቱ ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ርእሱ የረድኤት ሥራና የሃይማኖት ገለልተኝነት። ለጉባኤው ምሳ የተገዙ ሁለት ፍየሎች ከኋላ፣ በሽተኛ በሚተኛበት አልጋ ላይ ታስረዋል። አንዱ በክርስቲያን ቢላ የሚታረድ፣ ሌላው በእስላም። በአንዲት በር መስማማት ያቃታቸው ሰዎች በፍየሎቹ ላይ እንደ መንታ ወንድማማች ተስማምተው ነበር።

«የእናንተው አይወፍርም ወይ?» አሉ አቶ ክንፈ ወደ ኋላ እየተንጠራሩ።

«ጠጉሩ ነው እንጂ ሥጋው የታለ። ደግሞ እኛ በርከት እንላለን» አሉ አቶ ዓብዱልባሲጥ።

«ደባልቄ፣ መስኮት ክፈት። ይሸታል።»

«እኔ አይደለሁም፣ አቶ ክንፈ።»

ከመንገዱ ፊት ለፊት ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ታዩ። መኪናዋን ሲሰሙ ተጣድፈው ከመንገድ ወረዱ፤ ቃሬዛውን ሣር ውስጥ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ሹም ማሳለፋቸው ነው። ደባልቄ አልፏቸው ሄደ። በመስተዋቱ ሲያይ ከቃሬዛው ላይ አንድ ቀጭን እጅ ተንጠልጥሏል። ከዚያ የገዛ አቧራው ሸፈነበት።

ፍሬን ያዘ።

«ምነው?» አሉ አቶ ክንፈ።

«በሽተኛ ይዘዋል።»

«እንግዶች እየጠበቁን ነው። ሌላ መኪና ያገኛሉ።»

«ከዚህ እስከ አሶሳ ከእኛ ሌላ የሚንቀሳቀስ ጅብ ብቻ ነው» አለና ወደ ኋላ ነዳ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሽማግሌው ረጀብ ነበሩ፤ መንጌ ላይ ወርቅ ሲያጥቡ ያውቃቸዋል። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጃቸው ኢንዓም ናት፤ እናትየዋ አጠገቧ ተንበርክካ ላቧን ትጠርጋለች።

«ከትናንት ምጥ ያዘው» አሉ ረጀብ።

«ሼህ ረጀብ፣ ታዲያ እንዴት እጅዎን አላነሡልኝም?»

«ቀይ የለም። በፊት ቀይ አለ፤ እኛ እጅ ያነሣል፣ አንተ ይቆማል። አሁን ሹም ነው ብለን መንገድ ለቀቅን።»

አቶ ዓብዱልባሲጥ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «መስቀል እኮ ነበር፣ ሼህ። ቅር አይላችሁም ነበር?»

«ወላሂ፣ እኔ ያየሁት አልጋ ነው።»

ደባልቄ የኋላውን በር ከፍቶ ገመዱን ፈታ። ፍየሎቹ ዘለው ወረዱና ጫካ ገቡ። ሁለቱ ሹማምንት እግራቸው መሬት የነካ ሳይመስል ተወርውረው ተከተሏቸው፤ ለሕዝብ እንዲያ ሮጠው አያውቁም። ደባልቄ በፍየል በጠጥና ሽንት የጨቀየውን አልጋ በገዛ ካፖርቱ ጠርጎ ኢንዓምን አስተኛት። አባትና እናቷ ተሳፈሩ። ሹማምንቱን ሳይጠብቅ ነዳ። ክርፋቱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ልጅቷ ሁለቴ አስመለሳት፤ ከምጧ ይሁን ከሽታው ማንም አላወቀም።

ሆስፒታል ደርሰው ነርሷ ጸሐይ በሩን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። «ሰው ነው ወይስ ከብት ያመጣኸው?» አለችው። ደባልቄ ከረጀብ ጋር ኢንዓምን ተሸክሞ አወረደ።

ኢንዓም ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለች ጸሐይ።

ወደ ማምሻው ላይ ሁለቱ ሹማምንት ቀርቀሃ በጫነ ትራክተር ላይ ከአንድ ፍየል ጋር ደረሱ። ሌላው ጫካ ቀርቷል። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው፣ የተያዘው የክርስቲያኑ ነው፣ የእስላሙ ነው ይባባላሉ።

«የእኛው ነጠብጣብ ነበረበት» አሉ አቶ ክንፈ።

«ነጠብጣቡ የእኛው ነው። ደባልቄ ያውቃል፣ ይጠየቅ።»

ረጀብ በነጠላ የተጠቀለለውን ሕፃን ታቅፈው በመካከላቸው አለፉ። አቶ ዓብዱልባሲጥ በዐረብኛ አንድ ጸሎት አነበነቡ። አቶ ክንፈ አማተቡ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ፍየሉ ዞሩ። የፍየሉ ሽታ ቢሆን ደባልቄ በታገሠ።

የፊቱን በር ከፍቶ ረጀብን አስቀመጠ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ክንፈ።

«መንጌ። ቀብር አለ።»

«በማን ፈቃድ? መኪናዋ ታጥባ ነገ እንግዳ ትቀበላለች። ከሄድክ ሥራህን እርሳው።»

ደባልቄ ሞተር አስነሣ። ከከተማው ወጡ።

«አንተን ያባርራል» አሉ ረጀብ።

«ያባርሩኝ። ልጁን ጠበቅ አድርገው ይያዙት፣ ሼህ፤ ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ።»