የያርጋል እጆችና የጤናዬ ቅባ ኑግ

ዳባት ውስጥ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ ጉንጩን ውርጭ የላጠው፣ ልጁ ችፌ ያወጣበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ጤናዬ ቤት ነበር። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ሙያው ከእናቷ የወረሰችው ነው። ኑጉን ለቅማ፣ በስሱ አመስ አድርጋ፣ ሙቀጫ ውስጥ እስኪወዛ ትወቅጠዋለች። ከዚያ በሞቀ ውሃ እየለወሰች ስታሸው ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ያንን በጭልፋ ቀስ ብላ ትገፍፍና ከንጹሕ ሰም ጋር አቅልጣ ታረጋዋለች። ቅባ ኑግ ብቻውን ሲሆን ይፈስሳል፤ ሰም ሲገባበት ግን ቆዳ ላይ ይቀመጣል፣ የደጋውን ነፋስም ይችላል። የረጋውን በባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ እየሞላች በገበያ ቀን ታወጣዋለች። ኑጉን ከቆላው እየገዛች የምታመጣላት ሱልጣና የምትባል የደባርቅ ነጋዴ ነበረች። በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ጤናዬ «እትዬ» ነበር የምትላት።

ባሏ ያርጋል ይህን ሙያዋን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። «ሰው የሚበላው አጥቶ አንች ተረከዝ ታበያለሽ» እያለ ይስቅባታል። እሷም ትስቃለች። እሱ አራሽ ነው፤ መዳፉ እንደ ድጅኖ እጀታ የጠነከረ፣ ቅባት ነክቶት የማያውቅ።

ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በሚሊሺያነት ሲወስዱት ጤናዬ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ስጦታ አለቻት። አባትየው የልጁን መወለድ የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሰው በሰው ነው።

በ1975 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ያርጋል ከጭነት መኪና ላይ ወረደ። መጀመሪያ ያየችው ጤናዬ ነበረች፤ አረማመዱን ለየችና በእልልታ ወጣች። እልልታው ግን አፏ ላይ ቀረ። ሁለቱም እጆቹ ከክርናቸው በታች ተቃጥለዋል። የተሳፈረበት መኪና ፈንጂ ረግጦ ሲነድ፣ እሱ ዘሎ ከወረደ በኋላ ጓደኛውን ሊጎትት እጁን እሳቱ ውስጥ ሰደደ። ጓደኛው አልወጣም። አሥመራ ሆስፒታል ወራት ተኝቶ ቁስሉ ጠገገ፤ ቆዳው ግን እንደ ደረቀ የዛፍ ልጥ ተጨማደደ፣ የቀኝ እጁም ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። አገግሞ ጎንደር ላይ እስኪመረመር ድረስ ቤቱ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነው የመጣው።

ስጦታ ያኔ ገና በእግሯ መሄድ ጀምራለች። ያርጋል ከደጃፉ ተንበርክኮ «ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ አባትሽ ነኝ» አላትና ጉንጯን ዳሰሳት። ሻካራው ጠባሳ ፊቷን ቧጠጣት። ልጅቱ ጮኻ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። ጉንጯ ላይ ቀይ ሰንበር ወጣ።

ያርጋል እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ባለችበት አያወጣቸውም።

ጤናዬ ይህን አይታ ልታልፍ አልቻለችም። ምሽት ላይ እሳቱ ዳር በርጩማ ስባ ተቀመጠችና «ስጠኝ እጅህን» አለችው።

«ምን ልታደርጊው?»

«ተረከዝ ሳበላ አልነበር ስትስቅብኝ የኖርከው? ዛሬ ደግሞ እጅ ላብላ።»

ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ቅባ ኑጉን በመዳፏ አሙቃ፣ ጠባሳውን ከክርኑ ወደ ታች፣ ከጣቱ ስር ወደ ጫፍ ታሸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚችለው። ጠዋትና ማታ አላቋረጠችም። ሰሙን ቀነስ፣ ዘይቱን ጨመር እያደረገች ለእሱ እጅ የሚስማማውን አገኘች። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ጠባሳው ለሰለሰ፤ ጣቶቹም አንድ በአንድ፣ እንደ እልኸኛ ሰው እያንገራገሩ፣ መከፈት ያዙ። ስጦታም ለመደችው። እጁን ይዛ መዳፉ ላይ ጠጠር ታስቆጥረዋለች።

አንድ ቀን ጤናዬ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ያርጋልና ልጅቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የስጦታ ማተብ ተበጥሶ ነበር። ያርጋል ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ክሩን ልጅቱ አንገት ላይ ይቋጥራል። ልጅቱ አንገቷን ሰጥታ ዝም ብላለች። ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጠው። በሦስተኛው ቋጠረው።

«አየሽ!» አለ ቀና ብሎ። «አየሽልኝ ጤናዬ?»

ጤናዬ እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ አለቀሰች። በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን የተደሰተችበት ጊዜ አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ሱልጣና ኑግ አህያ ላይ ጭና መጣች። ጭነቱን ካራገፉ በኋላ ያርጋል አለመኖሩን በዓይኗ አረጋግጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጤናዬ፣ ደባርቅ ላይ ቆስለው የተመለሱትን እየጠሩ ነው። የእህቴን ልጅ ባሽርን ወሰዱት። እግሩን ነበር የተመታው፤ ቆሞ ሲሄድ አዩትና ‘ድነሃል’ አሉት።»

«የኔው እኮ እጁ ነው እትዬ።»

«እጁ ቃታ ይስባል?» አለች ሱልጣና።

ጤናዬ ማተቡን አሰበች። ሱልጣናም መልሱን ከፊቷ አነበበችና «ያ አላህ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በዚያው ምሽት ያርጋል እንደ ልማዱ እጁን ሲዘረጋላት ጤናዬ «ኑግ አልቋል፤ እትዬ ሱልጣና አላመጣችልኝም» አለችው። የቅባቱን ማሰሮ ከጎታው ጀርባ ደብቃዋለች። ያርጋል እጁን አየት አድርጎ «እሽ» አለና ሰበሰበው።

ታኅሣሥ ገባ። ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ እንኳን የተቃጠለ ቆዳ ጤነኛውንም ይሰነጥቃል። የያርጋል እጅ እንደገና ደረቀ፤ ጣቶቹ በጠዋት አልዘረጋ ይሉ ጀመር፤ መገጣጠሚያቸው እየተሰነጠቀ ይደማል። ጤናዬ ለሌላው ሰው ከጎረቤት ቤት ሆና ታነጥራለች፤ ለባሏ የላትም። እንጀራው ከእጁ ሲወድቅ አጎንብሳ ታነሳለታለች። በልቧ ግን እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ እጁ ሲታጠፍ እፎይ ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ቀደም ብላ ተመለሰች። ያርጋል ከጎታው ጀርባ ማሰሮውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተቀምጧል። በግራ እጁ እየጠለቀ ቀኙን ሊያሽ ይታገላል። ጣቱ አልታዘዝ ስላለው ቅባቱ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈስሷል።

ጤናዬ የያዘችውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅህ?» አለችው።

«ያን ቀን ማታ ነው ያወቅሁት። ሱልጣና አህያዋን ስትነዳ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ፤ ኑጉን አራግፋ ባዶ ነበር የምትመለሰው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? የደባርቁን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ፤ ለኔው ብለሽ መሆኑን እያወቅሁ ላሳፍርሽ?»

ጤናዬ እግሩ ስር ተቀመጠች። «ያርጋል፣ በማርያም ይዤሃለሁ። እጅህ እንደታጠፈ ይቅር። መሬቱን በእኩል እናሳርሳለን። እኔ አለሁ፣ አጎርስሃለሁ፣ አለብስሃለሁ። ብቻ ኑርልኝ።»

«ትናንት አንች ሳትኖሪ ልጅቱ ወደቀች» አለ። «ጭቃ ውስጥ። ላነሳት ሮጥኩ፤ ጣቴ አልዘረጋ አለኝ። በክርኔ ላንጠለጥላት ስታገል የተሰነጠቀው እጄ ክንዷን ላጣት። ‘ተወኝ፣ ተወኝ’ አለችኝ ጤናዬ። በአፏ ‘ተወኝ’ አለችኝ።»

በግራ እጁ ሱሪው ላይ የፈሰሰውን ቅባት ጠረገ።

«ቢወስዱኝም ይውሰዱኝ። እስከዚያው ግን ልጄን ልንካት።»

ጤናዬ ማሰሮውን ከጉልበቱ ላይ አነሳች። ወደ ደጅ ወስዳ ድንጋይ ላይ ልትከሰክሰው ትችል ነበር፤ አሰበችውም። ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን ስባ ጭኗ ላይ አኖረች። እያለቀሰች አሸችለት።

የጎንደሩ ምርመራ ጥሪ ከጥምቀት በኋላ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምለው ራሱ ነበር የነገራቸው። ጤናዬ ልጅቱን አዝላ አብራው ተሳፈረች። አውቶብሱ አምባ ጊዮርጊስን አለፈ። ኮሶዬ ላይ ብርዱ ሲገባ ወደ ጆሮው ተጠጋችና «ስማኝ፣ ሲያዩህ ጣትህን አጥፈህ ያዝ። ቢጎትቱህም አትዘርጋ። አመመኝ በል» አለችው።

«እሽ።»

«ማልልኝ።»

«እሽ አልኩሽ እኮ።»

ከሚመረመርበት ግቢ በር ላይ አስቀሯት። ልጅቱን እያባበለች ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ያርጋል ሲወጣ አንድ ወታደር ከኋላው ነበር። ፊቱን ስታይ ገባት።

«ምን ሆነ? አጥፈህ አልያዝክም?»

«ይዤ ነበር። እስኪያመኝ ነበር የያዝኩት። ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። እጄን አገላብጦ አየና ‘ይህን ያህል የለሰለሰ የቃጠሎ ጠባሳ አይቼ አላውቅም፤ የትኛው ሐኪም ነው ያከመህ?’ አለኝ።»

«እና?»

ያርጋል እንደ ጥፋተኛ ልጅ መሬት መሬት አየ።

«‘ባለቤቴ ናት’ አልኩት።»

«ወይ ያርጋል!»

«‘በቅባ ኑግ ነው፤ በጇ አንጥራ’ አልኩት። ‘እንዲህ እንዲህ አድርጋ አሽታ ነው’ ብዬ ላሳየው ስል... እጄ ተዘረጋ። ሳላውቀው ነው። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።»

«ምን አፍ አለህ? ምን አፍ ነው የሰጠህ እግዜር?» ደረቱን በጡጫ መታችው። አልተከላከላትም።

«ሰው እያመሰገነሽ ዝም ልበል?» አላት። «በሕይወቴ ሰው ፊት አመስግኜሽ አላውቅም። ስስቅብሽ ነው የኖርኩት።»

ወታደሩ ፊቱን አዙሮ ጊዜ ሰጣቸው። ያርጋል ልጅቱን ከእናቷ ጀርባ አውርዶ አቀፋት። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ትንንሽ ጣቶቿን በሁለት እጁ ዳሰሰ። ልጅቱ አላለቀሰችም። ጢሙን እየጎተተች ትስቅ ነበር። ጤናዬ ከጉያዋ አንድ ቆርቆሮ ቅባት አውጥታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት፤ ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም። መኪናው ሲሄድ እጁን አውጥቶ አወዛወዘ፤ አምስቱም ጣቶቹ ተዘርግተው ነበር።

በዓመቱ ክረምት፣ ጎህ ሲቀድ ደምለውና ሁለት ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ። እንዲያ ባለ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ጤናዬ በሩን ሳትከፍት ከውስጥ ሆና ጮኸች።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነበርና ጋቢውን መሃል ላይ አንጥፈው አለቀሱለት። ሱልጣና ከደባርቅ መጥታ ሦስቱንም ቀን ከጎኗ አልተነሣችም። የእህቷ ልጅ ባሽርም አልተመለሰም ነበርና ሁለት ለቅሶ በአንድ ታለቅሳለች። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጤናዬ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ማሰሮውን ሰብሬው ቢሆን ኖሮ ይኖርልኝ ነበር?»

ሱልጣና ልታጽናናት ብትፈልግም መዋሸቱን አልቻለችበትም።

«አላውቅም እህቴ» አለች። «ይኖር ይሆናል። እኔም ብሆን ግን እቀባው ነበር።»

ጤናዬ ከዚያ ወዲህ አላነጠረችም። ሰዎች ቆርቆሮ ይዘው እየመጡ «ስለ ነፍሱ ብለሽ» ቢሏት «ትቼዋለሁ» ትላቸዋለች። ሱልጣና ያመጣችላትን ኑግ ለጾም እንጀራ ማባያ፣ ለልጥልጥ ወቀጠችው፤ የተረፈውን ለጎረቤት አደለች።

በመጣው ታኅሣሥ የስጦታን ጉንጭ ውርጭ ሰነጠቀው። ልጅቱ ፊቷን በታጠበች ቁጥር ታለቅሳለች። ጤናዬ ስትችል ስትችል ቆይታ አንድ ጠዋት እጇን ይዛ ወደ ከተማ ወረደች፣ ጀላል ከሚባለው ባለ ሱቅ ደጅም ቆመች።

«ቫዝሊን ስጠኝ» አለችው።

ጀላል የሰማውን አላመነም። «ለማን?»

«ለልጄ።»

ጀላል የዳባት ሰው ነው፤ የእናቱ ተረከዝ የዳነው በጤናዬ እጅ ነው። ቫዝሊኑን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን ጠርጎ ሰጣት። ጤናዬ ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱን በጉልበቶቿ መሃል አቁማ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ጉንጯን ቀስ እያለች መቀባት ጀመረች። እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም፤ ሁለት እጇም ልጅቱ ፊት ላይ ነው። ሰው ወደ ገበያ በአጠገቧ ያልፋል። በዚያ ዓመት ዳባት ውስጥ መንገድ ላይ የምታለቅስ ሴት አዲስ ነገር አልነበረችምና ማንም ቆሞ አልጠየቃትም።