ጥበቡ የሰጠው ወታደር

ኢስሐቅ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። እሁድ እሁድ ዙህር ይሰግድና ሱቁን ለልጁ ለዚክራ ትቶ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። እዚያ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ የወጣው ጥበቡ የቼዝ ሰሌዳውን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተጫውተዋል።

ዘንድሮ ግን ጥበቡ አንድ አመል አመጣ። ነጭ በደረሰው ቁጥር ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ኢስሐቅም የራሱን ይገፋል። ወዲያው ጥበቡ ከጎን ያለውን ሌላ ወታደር ገፍቶ ኢስሐቅ አፍ ላይ ያስቀምጥለታል። ብላው ማለት ነው። ኢስሐቅ ይበላል። ከበላ በኋላ የበላበትን ወታደር ላለማስነጠቅ ሲል ንጉሡን የሚከልሉትን ሌሎቹን ወደ ፊት ይነዳል። ንጉሡ ራቁቱን ይቀራል፤ የጥበቡ ፈረስና ንግሥት ከተፍ ይላሉ። ስድስት እሁድ በተከታታይ እንዲህ ተረታ።

በስድስተኛው እሁድ ጥበቡ ወደ ተመልካቾቹ ዞሮ፣ «ነጋዴ እኮ ነው፤ አንዴ የጨበጠውን ነፍሱ ብትወጣ አይለቅም» አለ። ሰዉ ሁሉ አውካካ።

ኢስሐቅ ተነሥቶ ወደ ሚኒባሱ ሄደ። ዳገቱን ሲወጣ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ያወጣ ያወርድ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ ደሴ በተኩስ ስትናጥ፣ እስከ ጣሪያው የሞላ ሱቁን ጥሎ፣ መራመድ የማትችል እናቱን አዝሎ በእግሩ የወጣ ሰው ነው። ሲመለስ መደርደሪያው እንኳ አልቀረለትም። ጥበቡ ይህን ያውቃል። ያኔ መንገድ ላይ አግኝቷቸው እናቱን ከኢስሐቅ ጋር ተራ በተራ የተሸከመው እሱ ራሱ ነው። ይህን እያወቀ እንዴት እንዲህ ይላል?

በማግስቱ ለዚክራ ነገራት። ዚክራ ቼዝን ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው በወጉ የተማረችው። ሰሌዳውን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አጨዋወቱን እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ አሳያት።

«አባዬ፣ እሱ ወታደሩን በነጻ አልሰጠዎትም» አለችው። «እርስዎ ያንን አንዱን ሲጠብቁ እሱ መሐሉን ይይዛል፣ ጦሩን ያወጣል። የሸጠልዎት ወታደር ነው፣ የወሰደብዎት ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይብሉት። ከዚያ ግን ሙጭጭ አይበሉበት። ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍተው፣ በበሉት ፈንታ መልሰው ይስጡት።»

ኢስሐቅ ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። የገዛ ልጁ ከጥበቡ ጋር ያበረችበት መሰለው። የጨበጠውን አይለቅም የተባለ ሰው፣ አሁን ደግሞ ልቀቅ ይባላል? ወጥቶ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ባጃጆች ሲያልፉ ሲያገድሙ እያየ ብዙ ቆየና ተመልሶ፣ «እስቲ አሳይኝ» አላት።

ሦስት ሳምንት በደንበኛ መሐል መሐል ተጫወቱ። አንድ ቀን በንዴት ሰሌዳውን ገለበጠው፤ ዚክራ ጠጠሮቹን ከጨርቁ ጣቃ ሥር እየለቀመች መልሳ ደረደረቻቸው። ቀስ በቀስ ግን ገባው። ወታደሩን ሲመልስ የራሱ ጦር መንገድ ይከፈትለታል፤ ንጉሡም ከነአጥሩ ይቀመጣል።

ሦስት እሁድ ቀርቶ በአራተኛው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ጥበቡ እንደ ልማዱ ወታደሩን ሰጠ፤ ኢስሐቅ በላ። ጥበቡ ፈረሱን ሲያወጣ ኢስሐቅ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። የጥበቡ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሰሌዳውን ብዙ አይቶ በላለት። ከዚያ ወዲያ ፍልሚያው የእኩል ለእኩል ሆነ። ዐሥር ሰዓት ሲል ጥበቡ የራሱን ንጉሥ በጣቱ አስተኛው።

ሰዉ አጨበጨበ። ኢስሐቅ ግን ንዴቱ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አላለለትም።

«ያን ቀን ያልከውን ቃል አንሣ» አለ።

ጥበቡ ፈገግ አለ። «ቀልድ ነው እንጂ ኢስሐቅ። ረታኸኝ እኮ።»

«እናቴን አብረኸኝ ተሸክመሃል። ምን ጥዬ እንደወጣሁ ታውቃለህ። እያወቅህ ነው በሰው ፊት ያዋረድከኝ።»

ጥበቡ ጠጠሮቹን ከሰሌዳው ይለቅም ጀመር። ኢስሐቅም ሌላ ተጫዋች ፈልግ ብሎት ሄደ።

ሁለት እሁድ አልወረደም። ከዚያ በአንዱ ረቡዕ፣ ሱቁ በደንበኛ በተጨናነቀበት ሰዓት ጥበቡ ገባ። የኮምቦልቻን ሙቀት አምኖ በሸሚዝ ብቻ ስለመጣ የደሴ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ሰው ሁሉ እየሰማው ቆሞ ተናገረ።

«ዐሥር ዓመት ስትረታኝ ኖረህ፣ ስድስት ጊዜ ብረታህ አፌ አመለጠኝ። ሙሉ ሱቅ ጥሎ እናቱን ያዘለ ሰው ነህ፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

ኢስሐቅ የያዘውን ጨርቅ ለክቶ፣ ቀድዶ፣ አጥፎ ለገዢዋ ሰጠ። ክፉ ክፉ ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። ለዚክራ በርጩማ እንድታቀርብለት፣ የራሱንም ጋቢ እንድታለብሰው ነገራት። ከዚያ ሁለት ደንበኛ አስተናግዶ ጨረሰ።

«ሁለተኛ በሰው ፊት እንዲህ ብትለኝ፣ ወላሂ...» አለ በመጨረሻ።

«ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ ጥበቡ።